የሃምሳ አለቃ ዋቁማ መልቀቂያ

ቫኑ የኢንቨር ግሮቭ ሃይትስን ቁልቁለት በጎኑ እየተንሸራተተ ሲወርድ፣ ሃምሳ አለቃ ዋቁማ ከጎኔ ተቀምጦ ዝርዝሩን ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብ ነበር። እኔ መሪውን በሁለት እጄ ጨብጬ የማውቃቸውን መላእክት በየስማቸው ስጠራ፣ እሱ «ማንኪያ፣ አንድ» ይላል።

«ሹካ፣ አንድ። ኮዳ ከነክዳኑ፣ አንድ። የምግብ ጣሳ፣ አንድ። ከስክስ ጫማ፣ አንድ ጥንድ። የሱፍ ካፖርት፣ አንድ።»

«ነፍስ፣ ሁለት» አልኩት። «እሷንም ጨምርና ጻፋት። ዛሬ የምትጎድለው እሷ ናት።»

አልሳቀም። ወረቀቱን አገላብጦ እንደገና ከላይ ጀመረ።

ዕለቱ ሰኞ፣ ጥቅምት ሃያ አራት ቀን 1984 ዓ.ም. ነበር። ሐሙስ የጀመረው በረዶ ሲወርድ ሰንብቶ እሁድ ቢያባራም፣ ብርዱ ተከትሎት መጣና ጎማ የረገጠውን ሁሉ እንዳለ አደረቀው። መንገዱ በበጋ እንደተተወ እርሻ ትልም በትልም ሆኖ ነበር። የምነዳው የምሠራበትን የአበባ ቤት ቫን ነው። በዚያ ብርድ አበባ የሚያዝ ሰው ስላልነበረ አለቃዬ «ውሰደው፣ ብቻ ሳትሰባብር መልሰው» ብሎኛል።

ዋቁማ የወንጂ ልጅ ነው። አባቱ፣ ሆላንዶቹ ለሸንኮራው የአዋሽን ውሃ በሚስቡበት ፓምፕ ላይ ዘበኛ ነበሩ። በስልሳ ሰባት ዓ.ም. የስኳር ፋብሪካው ሲወረስ አንድ ሆላንዳዊ መሐንዲስ፣ «ይህን ልጅ አስተምረዋለሁ» ብሎ አገሩ ወሰደው። ልጁ ተማረ፣ ዜግነት አገኘ፣ ሃያ ዓመት ሲሞላው ደግሞ እንደ ማንኛውም የሆላንድ ጎረምሳ ለውትድርና ተጠራ። ሃምሳ አለቃም ሆኖ ወጣ። ከአራት ዓመት በፊት የሺሀረግን አግብቶ እዚህ ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ሲገባ፣ በአንድ እጁ ሻንጣ፣ በሌላው አረንጓዴ ከረጢት ይዞ ነበር። ሻንጣው ያን ዕለት ተከፈተ፤ ከረጢቱ ግን ቁም ሳጥን ውስጥ ገብቶ ተቆለፈበት።

ነገሩን ያስረዳኝ እሱ ነው፤ እኔ ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሰው ነኝ፣ ብሳሳት የእሱ ጥፋት ነው። የሆላንዶች ክተት እንደኛ አይደለም። በእኛ ነጋሪት ይጎሰምና ሁሉም ያለውን ይዞ ይወጣል። በእነሱ ክተቱ ገና በሰላሙ ጊዜ ተጽፎ ያለቀ ነው። ወታደሩ ግዳጁን ሲጨርስ ልብሱንና ጫማውን፣ ማንኪያውን ሳይቀር በከረጢት አጭቀው «እቤትህ አስቀምጠው» ይሉታል። ካርድም ይሰጡታል። በተጠራ ጊዜ የት፣ በስንት ሰዓት፣ ከማን አጠገብ እንደሚቆም ካርዱ ላይ አለ። አብሮ ያገለገለ ሻምበል ጦር አብሮ ይሰናበታል፤ ሲጠራም አብሮ ነው። ሰው ከማያውቀው ሰው ጎን እንዲሞት አይፈልጉም። ዕድሜው ሲገፋ ደግሞ ከፊተኛው ጦር ያወርዱትና፣ በጃንሆይ ጊዜ ብሔራዊ ጦር እንደምንለው ወዳለ አገር ጠባቂ ክፍል ያዛውሩታል። እዚያ ድልድይ ይጠብቃል፣ የባቡር ሐዲድ ይጠብቃል።

ዋቁማ ሠላሳ ሲሞላው አዲሱ ካርድ ሴንት ፖል ድረስ በፖስታ መጣለት። አድራሻ በለወጠ ቁጥር ለጦሩ እየጻፈ ያስታውቅ ነበርና። ክተት ከታወጀ፣ ከአስራ አንድ ሰዎች ጋር አንድ የውሃ ፓምፕ ቤት ይጠብቃል ይላል ካርዱ። «ፓምፑ ከቆመ ባሕሩ ይገባል» ብሎ ሲያስረዳን ድምፁ ይቀንስ ነበር። እኛ ደግሞ አንለቀውም።

«ሃምሳ አለቃ ብለንህ አስራ አንድ ሰው? ሠላሳ ዘጠኙን የት አደረስካቸው?»

«ከዚህ ተነስተህ አውሮፕላን ቀይረህ እስክትደርስ እኮ ባሕሩ ገብቶ፣ ወጥቶ፣ መሬቱም ደርቋል።»

በመስከረም ወር ግን ሌላ ደብዳቤ መጣ። ዘመኑ ተለውጧል፤ ሩሲያን የሚፈራት ቀርቷል፤ ክፍሉ ፈርሷል። ሃምሳ አለቃ ዋቁማ የተረከበውን ሁሉ ሚኒያፖሊስ ላለው ቆንስል ቢሮ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ይመልስ፤ ያን ጊዜ መልቀቂያ ይሰጠዋል። ያለቀው ፓስፖርቱም የሚታደሰው መልቀቂያው ሲያያዝ ነው። ለእሱ ጭንቁ እዚህ ላይ ነበር። ወንጂ ያሉት እናቱ ዓይናቸው ጠፍቷል። ቪዛቸው የሚሠራው እስከ ኅዳር መጨረሻ ነው፤ ሄዶ እጃቸውን ይዞ የሚያመጣቸው ደግሞ ከእሱ ሌላ የለም። ቀጠሮው ዓርብ ነበር። ዓርብ በበረዶው ተዘጋና ለሰኞ ተላለፈ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት። የሚቀጥለው ቀጠሮ ከገና በኋላ ነው ተባለ።

እሁድ ማታ ጫማውን ልጥረግ ብሎ ከረጢቱን ከፈተው። ሁለት ትራስና የአንድ ዓመት ጋዜጣ ወጣ።

የሆነውን ስሰማ ጩኸት ጠብቄ ከምኖርበት ከታች ቤት ወደ ላይ ሮጥኩ። ጩኸት የለም። ዋቁማ ትራሱን ታቅፎ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። የሺሀረግ በሩ ላይ ቆማለች።

«ምን ላድርግ ታዲያ?» አለች። «ሰው በብርድ እየተንቀጠቀጠ እኔ ጫማ ቆልፌ ልተኛ? ለጦርነት ነው አልከኝ። ጦርነቱ አልመጣም፤ ብርዱ ግን መጣ።»

«ትራሱስ?» አለ ዋቁማ።

«እየነካካህ ታየዋለህ ብዬ ነው። ባዶ ሆኖ ብታገኘው ይከፋሃል።»

እውነት ለመናገር፣ በእኛ ሰው ዘንድ ይህ ጥፋት አይባልም። ጎረቤት ተራቁቶ ሣጥን መቆለፍ ነው ነውሩ። ደግሞ ለማን ምን እንደሰጠች ከሆላንድ መዝገብ ባላነሰ ታውቀዋለች። ልብሱን፣ ሹራቡን፣ ቀበቶውንና ኮዳውን በዚያው ማታ ከሕንፃችን ሰበሰብን። ለሰኞ ሦስት ቤት ቀረን።

የመጀመሪያዋ ዙለይሃ ናት። የወሎ ሴት ናት፣ ምድር ቤቷ ውስጥ በርበሬና ሽሮ ትሸጣለች። ጣሳው ከነማንኪያና ሹካው ለእሷ ነበር የደረሰው። ችግሩ፣ ጣሳው መስፈሪያ ሆኖ ከርሟል። መንታዎቹ ከተሞች፣ ሴንት ፖልና ሚኒያፖሊስ፣ ውስጥ ያለ አበሻ ሁሉ «ሁለት ሆላንድ በርበሬ ስጪኝ» ነው የሚላት።

«ወላሂ አልሰጥም» አለች ጣሳውን ከጀርባዋ ይዛ። «ሰው ይህን ለምዷል። ነገ በሌላ ብሰፍር ዙለይሃ አጎደለች ይሉኛል።»

«ዙሌ፣ የመንግሥት ንብረት ነው» አላት ዋቁማ።

«የየትኛው መንግሥት? የኛው እንኳ በግንቦት ወድቋል፣ ንብረቱን ማን ጠየቀ?»

«የእናቴ ጉዳይ ነው።»

ይህን ሲላት ባዶ የቡና ቆርቆሮ አመጣች፤ ጣሳውን በበርበሬ ሞልታ ወደ ቆርቆሮው ገለበጠችና የደረሰበት ላይ በቢላ ጫረችበት። ከዚያ ጣሳውን በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ፣ ማንኪያና ሹካውን ውስጡ አድርጋ ሰጠችው። «ለእናትህ ደግሞ ይህን» ብላ የተቋጠረ ሽሮ ጨመረችለት፤ እናቱ ገና ወንጂ መሆናቸውን ብንነግራትም አልሰማችንም።

ከዚያ በፎር ናይንቲ ፎር ሃይዌይ ወደ ኤደን ፕሬሪ። አብዱልሀፊዝ እዚያ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ድራይቭ ያደርጋል። ከስክሱን አድርጎት ወደ ፓርኪንጉ ወጣ።

«ሃምሳ አለቃ፣ ይህ ጫማ ከአንተ ይልቅ እኔን ያውቀኛል» አለ እየፈታ። «ተረከዙን አስቀይሬዋለሁ፣ ማሰሪያውም የራሴ ነው። አንተ ሦስት ዓመት ቁም ሳጥን ውስጥ አሰርከው፣ እኔ ሥራ አስያዝኩት።»

«አሁን በምን ትሠራለህ?»

«የጋሽ በሪሁንን ስጠኝ» አለ ወደ እኔ እየጠቆመ። «እሱ ቁጭ ብሎ አይደል የሚውለው?»

እንደ ቀልድ የተናገረው እውነት ሆነ። ጫማዬን አውልቄ ሰጠሁትና በቫኑ ውስጥ በተገኘ የአበባ ቤት የጎማ ቡት ቀረሁ። ነዳጅ መስጫውን ስረግጥ ይጮኻል። ዋቁማ ያን ቀን መጀመሪያ የሳቀው እዚያ ጋ ነው።

ወደ ፕሊማውዝ ስንቃረብ ግን ሳቁ ጠፋ። የቀረው ካፖርቱ ነው፤ ካፖርቱ ያለው ደግሞ ጋሽ እንግዳ ዘንድ።

ጋሽ እንግዳ ከወረኢሉ ገጠር የመጣ፣ የሃምሳ ዓመት ሰው ነው። በሱዳን በኩል ወጥቶ እዚህ ከደረሰ ሦስት ዓመቱ ነው። የመስኮት ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል። መኪና ስለሌለው ጠዋትና ማታ ለአውቶቡስ መንገድ ዳር ብዙ ይቆማል። የሺሀረግ ካፖርቱን የሰጠችው እንደዚያ ቆሞ አይታው ነው።

በምሳ ብሬክ ወጣልን። ካፖርቱን እላዩ ላይ ጣል አድርጎታል። ዋቁማ ጉዳዩን መናገር ጀምሮ መሀል ላይ ቆመ።

«ተዉት ጋሽ እንግዳ» አለ። «ጠፋ ብዬ እጽፋለሁ። ሌላው ተሟልቷል፣ አንዷን ነገር ያልፉልኛል።»

«ካላለፉልህስ?»

ዋቁማ ዝርዝሩን ማጣጠፍ ጀመረ።

«እስቲ ወረቀቱን» አለ ጋሽ እንግዳ። ማንበብ የሚችለው አማርኛ ብቻ ነው፤ ቢሆንም ከላይ እስከ ታች ተመለከተው። «ይህ ያንተ ስም ነው?»

«አዎ። ይህ ቁጥሬ ነው። ከዚህ ጀምሮ የተረከብኩት ነው።»

«ማንኪያም አለበት?»

«አለበት።»

ጋሽ እንግዳ ወረቀቱን አልመለሰለትም። «እኔ በስልሳ ዘጠኝ ሚሊሺያ ስባል» አለ፣ «ከገበያ ነው የወሰዱን፤ እኔንና ታናሼን፣ ሙሉን። ታጠቅ አስገብተው መሣሪያ ሰጡን። ስማችሁ ማነው ያለን የለም፤ የሚቆጥሩት በረድፍ ነው፣ ይህ ረድፍ ወደዚህ፣ ያ ረድፍ ወደዚያ። በሰሜን ሙሉ ከጎኔ ጠፋ። በኋላ ሄጄ ጠየቅኩ። መዝገብ ተገለጠና ስሙ የለም፣ አልዘመተም አሉኝ። ካልዘመተ የት ሄደ ታዲያ? አብረን ነበር እኮ።»

የፋብሪካው ደወል ጮኸ፤ ብሬክ አልቋል።

«ማንኪያውን የጻፈ መንግሥት ሰውየውንም አይረሳም» አለ ጋሽ እንግዳ። «እዚህ ላይ ውሸት አትጻፍበት።»

ከኪሱ ጓንቱንና የአውቶቡስ ካርዱን አወጣ። ከዚያ ካፖርቱን አውልቆ እጅጌዎቹን ወደ ውስጥ አጥፎ፣ ለሁለት፣ እንደገና ለሁለት አጣጠፈው። እንደዚያ ማጠፍ የሚችለው ወታደር ብቻ ነው። በሹራብ ብቻ ቀረ።

«አስራ አንድ ሰዓት ላይ እመጣልሃለሁ» አልኩት። «ውጭ እንዳትቆም። ከቆምክ እኔ ነኝ የምከሰሰው።»

ቆንስል ቢሮው የደረስነው ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ላይ ነው። ያስተናገዱን ሽበታም ሴት ናቸው፤ መነጽራቸውን በሰንሰለት አንገታቸው ላይ አንጠልጥለዋል። ዋቁማ እንደገባ ቀጥ ብሎ ቆመ። የእሱን ያህል ቀጥ ያለ ሰው ሚኒሶታ ውስጥ አላየሁም፤ እኔ ከኋላው በጎማ ቡቴ እየጮኽኩ ገባሁ። ሴትዮዋ እያንዳንዱን ዕቃ ጠረጴዛ ላይ እያስቀመጡ ምልክት አደረጉ። ጣሳውን ሲከፍቱ ሦስት ጊዜ አነጠሱ። ዋቁማ በሆላንድኛ አንድ ነገር አላቸው፤ ጣታቸውን ውስጡ አስነክተው ቀመሱና እንደገና አነጠሱ። መጨረሻ ላይ ብዕራቸው አንድ መስመር ላይ ቆመ። የዋቁማ ፊት ሲገረጣ ሆላንድኛ አላስፈለገኝም። ተነጋገሩ። ሴትዮዋ ትከሻቸውን ነቅነቅ አድርገው ማኅተሙን አነሱ።

ስንወጣ ጠየቅኩት።

«ፎጣ ነው» አለ። «በእኔ ዝርዝር ላይ የለም፣ በእነሱ ላይ ግን አለ። የሺሀረግም አታውቀውም፣ እኔም አላውቀውም። እውነቱን ነገርኳቸው።»

«ምን አሉ?»

«እስካሁን ፎጣ የመለሰ ሰው አላየሁም አሉ።»

መልቀቂያውን ደረቱ ኪስ ውስጥ አድርጎ በእጁ ደገፍ አድርጎታል። ፓስፖርቱ በሁለት ሳምንት ይደርሳል፣ እናቱ ይመጣሉ፣ ነገሩ አልቋል። ቢሆንም እስከ ሃይዌይ መግቢያው ፊቱ አልፈካም።

«ደስ አላለህም እንዴ?» አልኩት።

«ብሎኛል። ብቻ ከአሁን በኋላ ምንም ቢመጣ የሚጠራኝ የለም። አንዳንዴ ሲመሽ ካርዱን አውጥቼ አይ ነበር። ማን አጠገብ እንደምቆም የተጻፈበት ቦታ ነበር።»

ልቀልድበት አፌን ከፍቼ ነበር፤ መልሼ ዘጋሁት። በሕይወቴ ያደረግሁት ከባዱ ነገር እሱ ሳይሆን አይቀርም።

አስራ አንድ ሰዓት ላይ ጋሽ እንግዳ እንደተመከረው ውስጥ ሆኖ ጠበቀን። ቫኑ ውስጥ ለአበባ ማልበሻ የምንይዘውን ብርድ ልብስ አለበስኩት፤ «ሙሽራ መሰልክ» ስለው «ሚዜዎቼ እናንተ ከሆናችሁ አላገባም» አለኝ። ከዚያ ወደ ዋቁማ ዞረ።

«ሰጡህ?»

«ሰጡኝ።»

«አሳየኝ።»

ዋቁማ ወረቀቱን አውጥቶ የጣሪያውን መብራት አበራ። ጋሽ እንግዳ በጥፍሩ እየጠቆመ እያንዳንዱን መስመር አስተረጎመው። ስም፣ ቁጥር፣ ማዕረግ። ያገለገለበት ክፍል። የተረከበውን መልሷል። ከዛሬ ቀን ጀምሮ ክተት አይመለከተውም፣ ነጻ ነው።

«ሰውን ሲለቁ እንዲህ ብለው ነው?» አለ ጋሽ እንግዳ።

«እንዲህ ብለው ነው።»

«ጥሩ ነው። ያምራል።» ወረቀቱን መለሰለት፤ እጁን ግን ቶሎ አልሳበም። «እኔ ሱዳን ስገባ ሌሊት ነበር። መሣሪያውን ቁጥቋጦ ሥር ጥዬ ሄድኩ። እስከ ዛሬ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ሳይ፣ እዚህም ቢሆን፣ ፖስታ አዳዩም ቢሆን፣ ና አንተ የሚለኝ ይመስለኛል።»

መኪናውን አላስነሳሁም። ዋቁማ እጁን ወደ እኔ ዘረጋ።

«ጋሽ በሪሁን፣ ወረቀት አለህ?»

የነበረኝ አበባ ለደረሰው ሰው የምናስፈርምበት ቅጽ ነው። አንዱን ገነጠልኩለት። ዋቁማ ገልብጦ ጉልበቱ ላይ አደረገውና ወገቡን አቀና፤ ቆንስሉ ቢሮ እንደቆመው ሆኖ ተቀመጠ።

«ሙሉ ስም?»

ጋሽ እንግዳ አየኝ። እኔ ደግሞ ውጭውን አየሁ።

«እንግዳ ይመር» አለ።

«ማዕረግ?»

«ምንም። ሚሊሺያ።»

«የተረከቡት?»

«አንድ ጠመንጃ። ስልሳ ጥይት። አንድ ኮዳ፣ አንድ ሸራ ጫማ።» ትንሽ አሰበ። «ማንኪያ አልሰጡንም።»

«የመለሱት?»

«ጠመንጃውን ነገርኩህ። ጥይቱ አልቋል። ጫማው ሱዳን ደርሶ ነው የተቀደደ።»

ዋቁማ ሁሉንም ጻፈ። ሲጽፍ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ አማርኛው ከወንጂ ትምህርት ቤት በኋላ ብዙ አልተጻፈበትም። ቀኑ ላይ ሲደርስ ብዕሩን አቆመ።

«የትኛውን ቀን ላድርግ? ሱዳን የገቡበትን? ወይስ በግንቦት ጦሩ የፈረሰበትን?»

«የዛሬን አድርገው» አለ ጋሽ እንግዳ። «ዛሬ ነው የጠየቅከኝ።»

ዋቁማ ቀኑን ጻፈ፣ ማዕረጉን ጻፈ፣ ፈረመበት። ጋሽ እንግዳ ወረቀቱን ተቀበለና መብራቱ ሥር ራሱ አነበበው። ሁለት ጊዜ አነበበው መሰለኝ። ከዚያ አጥፎ ኪሱ ከተተ።

«ለሙሉም አንድ ጻፍልኝ» አለ።

«ለእሱም መልቀቂያ?»

«አይ። እሱን ማን ይለቀዋል። መዝመቱን ብቻ ጻፍልኝ። ከእኔ ጋር፣ በስልሳ ዘጠኝ፣ ከወረኢሉ ገበያ። ሌላ ምንም አትጨምርበት።»

ሁለተኛውን ቅጽ ገነጠልኩ። ዋቁማ ሙሉ ይመር ብሎ ጻፈ፣ ዘምቷል ብሎ ጻፈ፣ ከወንድሙ ጎን ብሎ ጨመረና ይህችን ብቻ በሚል ዓይን ጋሽ እንግዳን አየው። ጋሽ እንግዳ ራሱን ወደ ታች ነቀነቀ፤ ትኑር ማለቱ ነበር። ምስክር ያስፈልጋል ብለው ለእኔ አቀበሉኝ። እጄን በሱሪዬ ጠረግሁና፣ ከስምንተኛ ክፍል ወዲህ ባልጻፍኩት ንጽሕና ስሜን ከሥሩ ጻፍኩ።